በተወሰነ ቦታና በተወሰነ ኃይል ለአዲሱ የኮምፕዩተር ሥራ ስፍራ ስለ ማስለቀቅ

በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር



እንግዳ ሲመጣ አስቀድሞ የሚታሰበው የቤቱ ስፋት ነው። ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያገለግሉት ኮምፕዩተሮች ግን ከወለሉ ይልቅ ኤሌክትሪኩን የሚያጣብቡ እንግዶች ናቸው። በተለመደው የመረጃ ማዕከል ውስጥ ለአንድ የሰርቨር መደርደሪያ ከ5 እስከ 10 ኪሎዋት ይበቃ ነበር። ኤንቪዲያ የተባለው ኩባንያ ዲጂኤክስ ኤች100 ብሎ የሰየመው አንድ ሰርቨር ብቻውን እስከ 10.2 ኪሎዋት ይወስዳል። ይኸው ኩባንያ በ2024 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው፣ 72 ማቀነባበሪያዎችን በአንድ መደርደሪያ ያጣመረው መሣሪያ ደግሞ ወደ 120 ኪሎዋት ይጠጋል። እንግዲህ ዐሥር መደርደሪያዎች ሲካፈሉት የኖሩት ኃይል ዛሬ ለአንዱ ላይበቃ ይችላል ማለት ነው።

ነገሩ የወረቀት ስሌት ብቻ አለመሆኑን የሁለት አገሮች ሁኔታ ያስረዳል። በአየርላንድ የመረጃ ማዕከሎች በ2015 እ.ኤ.አ. ከአገሪቱ የኤሌክትሪክ ፍጆታ 5 በመቶውን ይወስዱ ነበር፤ በ2023 እ.ኤ.አ. ድርሻቸው 21 በመቶ ደረሰ። አብዛኞቹም በደብሊን ዙሪያ የተሰበሰቡ በመሆናቸው በዚያ አካባቢ አዲስ መስመር ማግኘት እጅግ አዳጋች ሆነ። መሬቷ የጠበበው፣ አየሯም ዓመቱን ሙሉ የሚሞቀው ሲንጋፖር በበኩሏ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአዳዲስ ማዕከሎችን ግንባታ ገትታ ቆይታ፣ በ2022 እ.ኤ.አ. ጥብቅ መስፈርት በማውጣት እንደገና ፈቅዳለች።

እንዲህ ባለው ሁኔታ ለመሐንዲሱ የሚቀርበው መንገድ ያለውን መርምሮ ማስለቀቅ ነው።

የመጀመሪያው ተግባር ቆጠራ ነው። ሥራው ወደ ሌላ የተዛወረ፣ ባለቤቱም የተረሳ፣ ነገር ግን ሌትና ቀን የሚበራ ሰርቨር በብዙ የማሽን ክፍሎች አይታጣም። ሥራ ፈት ሰርቨር ሙሉ ሥራ ላይ ሲሆን ከሚወስደው ኃይል ቀላል የማይባለውን ድርሻ ይወስዳልና፣ እርሱን ማጥፋትና የተበታተኑትን ቀላል ሥራዎች በጥቂት ማሽኖች ላይ ማጠቃለል ገንዘብ ሳይወጣ የሚገኝ ትርፍ ነው።

ሁለተኛው የማቀዝቀዣው ጉዳይ ነው። የሞቀው አየር ከቀዘቀዘው ጋር እንዳይቀላቀል መተላለፊያዎቹን መለየት፣ ክፍሉንም ከሚገባው በላይ አለማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። ሲንጋፖር በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ደረጃ የክፍሉ ሙቀት ደረጃ በደረጃ ወደ 26 ዲግሪና ከዚያም በላይ ከፍ እንዲል ይመክራል፤ በእያንዳንዱ ዲግሪ ከ2 እስከ 5 በመቶ የማቀዝቀዣ ኃይል እንደሚድንም ታምኖበታል። መደርደሪያው በጣም ሲከብድ ግን አየር አይበቃውም። ውኃ በእኩል መጠን ከአየር ከ3,000 ጊዜ በላይ ሙቀት ስለሚሸከም፣ ቧንቧውን እስከ ማቀነባበሪያው ድረስ ማድረስ ግድ ይሆናል። ያን ጊዜም የወለሉ የመሸከም አቅም አብሮ ይመረመራል።

ሦስተኛው ሥራን በሰዓት መደልደል ነው። ጠያቂ ፊት ለፊት የሚጠብቀው መልስ አይዘገይም፤ ሞዴልን የማሠልጠን ሥራ ግን የቀኑ ጭነት እስኪቀልል ሊቆይ፣ ወይም ኃይል ወደሚገኝበት ሩቅ ስፍራ ሊሄድ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ትልቅ ስሕተት ይቀራል። አንድ ኃላፊ በሁለት መስመር ወደሚመገብ ክፍል ገብቶ፣ በሁለቱም መስመሮች ላይ ያለው ጭነት ከአቅማቸው 45 በመቶ መሆኑን ያነባል እንበል። «ከግማሽ በላይ ባዶ ነው፤ አዲሱ መሣሪያ ይግባ» ቢል አይፈረድበትም። ዳሩ ግን አንዱ መስመር በተቋረጠ ጊዜ ሌላው 90 በመቶ ይሸከማል። ባዶ የመሰለው ለክፉ ቀን የተቀመጠ ስንቅ ነው፤ እውነተኛው ትርፍ 10 በመቶ ብቻ ነው። ጭነቱ በየመስመሩ ወደ 70 በመቶ ከፍ ቢል፣ የአንዱ መቋረጥ በሌላው ላይ 140 በመቶ ይጥልና ሁለቱም ይጨልማሉ። በዚያ ክፍል ውስጥ የሚሠራው የባንክ ሒሳብ ወይም የሆስፒታል መዝገብ ከሆነ፣ ጉዳቱ የሚደርሰው አዲሱን ማሽን ባልጠየቀው ሰው ላይ ነው።

ስለዚህ ማናቸውም የግዥ ትእዛዝ ከመፈረሙ በፊት ሦስት ቁጥሮች በወረቀት ላይ ሊሰፍሩ ይገባል፦ በመሣሪያ የተለካው ከፍተኛ ጭነት፣ አንዱ መስመር ሲቋረጥ በሌላው ላይ የሚወድቀው ጭነት፣ ማቀዝቀዣው ሊያወጣ የሚችለው የሙቀት መጠን። እነዚህን ሳያይ የሚፈርም ኃላፊ ቢኖር፣ ቁጥሮቹን ይዞ ፊቱ መቅረብ የመሐንዲሱ የሙያ ግዴታ ነው።