ኮሶ፦ በጂነሱ ብቸኛ የሆነው ዛፍ

(አጭር የመግቢያ ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ የዛሬው ርዕሳችን የኮሶ ዛፍ ነው።

ኮሶ ከጽጌረዳና ከፖም ጋር በአንድ ቤተሰብ ይመደባል። ሃጌኒያ በተባለው ጂነስ ውስጥ ግን ከእሱ ሌላ ዝርያ የለም። የሚበቅለው በአፍሪካ ተራሮች ነው፤ ከኢትዮጵያ ደጋ ተነስቶ በኬንያና በታንዛኒያ በኩል እስከ ማላዊና ዛምቢያ ይዘልቃል። በባሌ ተራሮች ዲንሾ አካባቢ ቀይ ቡናማ ቅርፊቱ እየተላጠ፣ የአበባ ዘለላው ቁልቁል ተንዠርግጎ ይታያል።

ወንዴና ሴቴ አበባ የሚያብቡት በተለያዩ ዛፎች ላይ ነው። ለመድኃኒትነት የሚፈለገው ቀላ ያለው የሴቴዋ አበባ ነው። አያቶቻችን አድርቀውና ፈጭተው፣ በውሃ በጥብጠው ለኮሶ ትል ይጠጡት ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ፋርማሲዎችም ይሸጡት ነበር።

ጥንቃቄ ግን ያሻል። መጠኑ ሲበዛ የዓይን ብርሃንን እስከማሳጣት ይደርሳል። ስለዚህ ትል ያለበት ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ዛፉም ለጣውላ እየተቆረጠ ተመናምኗል። ወንዴው በአቅራቢያዋ ከሌለ ሴቴዋ የሚበቅል ዘር አትሰጥም። ኮሶ የምትተክሉ ወገኖቻችን፣ ወንዴውም ሴቴዋም እንዲገኙ ችግኞቹን ብዛት አድርጋችሁ አንድ ላይ ትከሉ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)