እረኛውና ባለጥቁር ቀበቶው

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ማኅበራችን ለአባላቱ የፍልሚያ ስፖርት ለማስጀመር ስላሰበ፤ የቴኳንዶ ትምህርት ቤት ይሻላል ወይስ የቦክስ ጂም የሚል ክርክር ተነሥቷል። እኛም የላስታ ልጆች ሐሳባችንን እንድናቀርብ ስለ ተፈቀደልን እናመሰግናለን።

ነገሩን ከአገራችን እንጀምር። ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር ከብት ስንጠብቅ ያደግን ሁሉ ትግል እናውቃለን። ትግል ቀበቶ የለውም፤ ክፍያም የለውም። ሁለት እረኞች ወገብ ለወገብ ይያያዛሉ፤ አንዱ ሌላውን ጠልፎ ይጥላል፤ ጀርባው መሬት የነካ ተሸነፈ። መምታትና መንከስ ነውር ነው። ታላላቆቹ ዙሪያውን ቆመው ይዳኛሉ። የወደቀውም አቧራውን አራግፎ ይነሣል፤ በማግሥቱ እንደገና ይገጥማል።

ከመካከላችን አንዱ ከተማ ገብቶ ሁለት ዓመት በአንድ የማርሻል አርት ትምህርት ቤት ሠለጠነ። በተርታ ቆሞ አየሩን ረገጠ፤ የእንቅስቃሴውን ቅደም ተከተል በቃሉ አጠና፤ ለፈተና እየከፈለ ቀበቶ ለወጠ። ለገና አገሩ ሲገባ ከብት ጠባቂ የአጎቱ ልጅ ሦስት ጊዜ በጀርባው አነጠፈው። እግሩ ሰንፎ አይደለም፤ በሁለት ዓመት ውስጥ እምቢ ብሎ የታገለው ሰው ስላልነበረ ነው።

ሌላው ጓደኛችን ደግሞ ቦክስ ጂም ገባ። በመጀመሪያው ሳምንት ጓንት አጥልቀው ከነባር ቦክሰኛ ጋር አጋጠሙት። ራሱን ሲመታ ሰነበተና ተወው። እዚያ እምቢ ባይ ሞልቷል፤ ለጀማሪ የሚራራ ግን አልነበረም።

እንግዲህ ጥፋቱ የትምህርት ቤቱ ነው ወይስ የጂሙ? ጃፓናዊው ጂጎሮ ካኖ በ1882 እ.ኤ.አ. ጁዶን ሲመሠርት ይህን ጥያቄ መልሶታል። ከጥንቱ ጁጂትሱ አካል የሚሰብሩትን አደገኛ ስልቶች ከነፃው ልምምድ አወጣ፤ በቀሩት ግን ተማሪዎቹ በሙሉ ኃይላቸው በየቀኑ እንዲገጥሙ አደረገ። ገዳይ የተባለውን ስልት በጓደኛ ላይ በእውነት መሞከር አይቻልም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ በምኞት ይቀራል። ገደብ ያለውን ግን ሺህ ጊዜ መሞከር ይቻላል። የዳን ማዕረግን በጁዶ ያቋቋመውም ይኸው ሰው ነው። ማዕረግና ፍልሚያ ጠላቶች አለመሆናቸውን ከዚህ እንረዳለን። በቦክስም በ1867 እ.ኤ.አ. የወጣው የኩዊንስበሪ ደንብ ጓንትንና የሦስት ደቂቃ ዙርን ያዘዘው በዚሁ መንገድ ነው። ቴኳንዶም ቢሆን የእውነት ውድድር አለው፤ ሰለሞን ደምሴ በ2021 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የቶኪዮ ኦሎምፒክ በ58 ኪሎ ግራም ለኢትዮጵያ ተሰልፏል።

የላስታ እረኞችም ካኖን ሳይሰሙ ነገሩን ያውቁታል፤ ምቱን ከልክለው ትግሉን ፈቀዱ። የጎደላቸው አስተማሪ ነው፤ አንገቱ የተጣመመውን ልጅ የሚያሳርፍ፤ አወዳደቅን የሚያስተምር።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት ማኅበሩ የበሩን ሰሌዳ አይመልከት። አሠልጣኙን ሦስት ነገር ይጠይቅልን፤ ሠልጣኙ በየሳምንቱ እምቢ ከሚል ባልንጀራ ጋር ይገጥማል ወይ? ጀማሪው ከእኩያው ጋር ይጋጠማል ወይ? ራሱን የተመታስ ሐኪም እስኪፈቅድለት ድረስ እንዲያርፍ ይደረጋል ወይ? ሦስቱን አዎን ካለ፤ ካራቴም ይሁን ቦክስ፤ ገንዘባችንን እንስጠው።

አንድ ነገር ጨምረን እንጨርሳለን። ላሊበላ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነት የገባባት ከተማ ናት። ጠመንጃ ያየ ሰው ርግጫ ጥይትን እንደማይመልስ ያውቃል። አገር ቤት በዱላ የተጀመረ ጠብ በቀብር ሲያልቅም አይተናል። የምንፈራው ያልሠለጠነውን ብቻ አይደለም፤ ቀበቶውን አምኖ ወደ ጠብ የሚሮጠውን ወንድማችንን ነው። መቶ ጊዜ ወድቆ መቶ ጊዜ የተነሣ ግን መሸነፍ ሞት እንዳልሆነ ስለሚያውቅ፤ ሲሰድቡት ትቶ ማለፍ አይከብደውም። የምንሠለጥነው ለዚህ ካልሆነ ለምንድን ነው?