ከምስማሩ በፊት ያለው ሥራ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ወደ ሒሳብ ሪፖርቱ ከመግባታችን በፊት፣ ከደጋፊዎቻችን አንዲት እናት ያነሡልንን ጥያቄ እንመልስ። «ለለቅሶና ለሕመም የተቋቋመ ማኅበር ለወለል እንጨት የሚያበድረው ለምንድን ነው?» ብለውናል። ተገቢ ጥያቄ ነው።

እዚህ ሜሪላንድ ብዙዎቻችን የገዛነው ቤት አሮጌ ነው። ምንጣፉ አልቋል፣ ጠርዙ ተነሥቷል። አስም ያለበት ልጅ በአቧራው ይቸገራል፤ በምርኩዝ የሚሄዱ እናት ደግሞ በጠርዙ ተደናቅፈው ይወድቃሉ። እናት ወድቀው ሲሰበሩ የሚከፈተው ያው የሕመም ሣጥናችን ነው። ስለዚህ ማኅበሩ የእንጨቱንና የምስማሩን ዋጋ ያበድራል፣ ጉልበቱን እኛ እንሰጣለን፣ ተበዳሪዋም በየወሩ ትመልሳለች። ባለፈው ዓመት በሦስት አባላት ቤት እንዲሁ ሠርተናል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 10 ጫማ በ12 ጫማ የሆነ ክፍል 120 ካሬ ጫማ ነው። ተቆርጦ ለሚጣለው 10 በመቶ ሲጨመር 132 ካሬ ጫማ እንገዛለን። የእንጨቱ ስፋት ሁለት ኢንች ከሩብ ከሆነ፣ ወለሉ ላይ የሚነጠፈው ርዝመት 640 ጫማ ይሆናል። በየ8 ኢንቹ አንድ ምስማር ሲመታ 960 ነው፤ በየእንጨቱ ጫፍ የሚጨመረው ሲታሰብ ከሺህ ያልፋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና፣ ስድስት ሆነን ስንሠራ ሺህ ምስማር አይከብድም።

ከባዱ መጠበቁ ነው። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። የእኛ አካባቢ በጋው ወበቅ ነው፤ በክረምት ደግሞ ማሞቂያው ቤቱን ያደርቀዋል። እንጨቱ እርጥበት እንደያዘ ከተመታ በክረምት በመካከሉ ክፍተት ይወጣል። በጣም ደርቆ ከተመታ በበጋ አብጦ ወለሉን ያነሣዋል።

አንዲት እህታችን ይህን ያየችው በጭንቅ ጊዜ ነው። እንጨቱ የመጣው ለሴት ልጇ ክርስትና አምስት ቀን ሲቀር ነበር። ክርስትናው በ80 ቀን ነው፣ አይገፋም፤ እንግዳ ተጠርቷል፣ የድሮው ምንጣፍም ተነሥቷል። በእርጥበት መለኪያ ስናየው እንጨቱ 12 በመቶ፣ ከሥር ያለው ፕላይውድ 7 በመቶ ሆነ። ለዚህ ስፋት እንጨት ልዩነቱ ከ4 በመቶ መብለጥ የለበትም። «አይቻልም» አልናት። አለቀሰች። ፕላይውዱን ጠርገን፣ ከየቤታችን ምንጣፍ አምጥተን አለበስነው፤ ክርስትናውም በዚያ ላይ ተደረገ። እንጨቱን የመታነው መለኪያው ሲቀራረብ ነው። ክረምቱ አልፎ ስናየው ወለሉ እንደተገጣጠመ ነው። ብድሯንም እየከፈለች ነው።

ለመሥራት ለምታስቡ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ የሚንጫጫውን ፕላይውድ ከሥር ካሉት ተሸካሚ እንጨቶች ጋር በብሎን እናጠብቃለን፤ ወለሉ ላይ ልዩ ወረቀት እናነጥፋለን። እንጨቱን ተሸካሚዎቹን አቋርጦ እንዲሄድ እናሰልፈዋለን። በግድግዳው ዙሪያ ሦስት አራተኛ ኢንች ክፍተት እንተዋለን፤ የእንጨቱ መተንፈሻ ነው፣ በኋላ በዞኮሎ ይሸፈናል። የመጀመሪያውን ረድፍ ከግድግዳው ጥግ ከላይ እንመታለን። ከዚያ በኋላ ግን ምስማሩ በእንጨቱ ምላስ ላይ በ45 ዲግሪ ይገባል፤ ቀጣዩ እንጨት ሲገጠም ምስማሩ አይታይም። የጎረቤታም ረድፎች መጋጠሚያ ቢያንስ 6 ኢንች ይራራቅ።

ሁለት ነገር አንሠራም። በሲሚንቶ ላይ ባረፈ ምድር ቤት በዚህ ዘዴ አንመታም፤ ምስማሩ የሚይዘው እንጨት የለም። ምንጣፉ ሲነሣ የድሮ የወለል ታይል ካገኘንም፣ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል ባለሙያ ሳያየው አንነካውም።

አሁን ውሳኔያችሁን የሚጠይቅ ጉዳይ አለን። የምስማር መምቻውን መሣሪያ የምንከራየው በቀን ሒሳብ ነው። ኪራዩ ሲቆጥር ሰው ይቸኩላል፤ ሌሊት ድረስ ሲመታ ይደክማል፣ በእጁና በእግሩ ላይ አደጋ ይመጣል። ስለዚህ አንድ መሣሪያና አንድ የእርጥበት መለኪያ ከብድር ሣጥኑ ሳይሆን ከዓመታዊ መዋጮው ላይ እንዲገዛ እንጠይቃለን። በመዝገብ ይወጣል፣ በመዝገብ ይመለሳል፤ በየሦስት ወሩም ቆጥረን እናሳውቃችኋለን። የሕመምና የለቅሶ ሣጥን አይነካም።

እጃችሁን አንሥታችሁ ድምፅ ስትሰጡ ይህን አስቡልን፦ ብሩ ለምስማር ቢመስልም፣ የሚተርፈው ባለሙያ እጅ ነው። በሦስቱ ቤቶች የሠሩ እህቶቻችን አራተኛውን ቤት ለመምራት ዝግጁ ናቸው።