ጉንዳንን ከቤት ስለ ማስወገድ
(በናይሮቢ ከተማ ለሚኖሩ ወገኖችና ለሰፈር ሹማምንት የተዘጋጀ ንግግር)



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ለብዙዎች ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን ጉንዳኑ ትንሽ ቢሆንም፥ እርሱን ለማጥፋት ሲባል በየቤቱ የሚረጨው መርዝ በሕፃናት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ትልቅ ሊሆን ስለሚችል፥ ነገሩን በጥሞና እንድትሰሙኝ እለምናለሁ።

በናይሮቢ ዋናው የዝናም ወራት ከመጋቢት እስከ ግንቦት፥ ትንሹም ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። በዚያን ጊዜ ጎሬው በውሃ የተሞላበት ጉንዳን ደረቅ ስፍራ ፍለጋ ወደ ቤት ይገባል። እኛም ቡና ከጠጣን በኋላ ስኳር የቀረበትን ስኒ በረከቦቱ ላይ፥ ፈንዲሻውንም በቄጤማው መካከል እንደ ተበተነ ትተን ያደርን እንደ ሆነ፥ ግብር አዘጋጅተን እንደ ጠራነው ይቈጠራል።

አስቀድሞ የጉንዳኑን ጠባይ ማወቅ ይገባል። ምግብ ያገኘ አንድ ጉንዳን ወደ ጎሬው ሲመለስ በመንገዱ ላይ ሽታ እየተወ ስለሚሄድ፥ ሌሎቹ ያንኑ ተከትለው በሰልፍ ይመጣሉ። በሰልፍ የምናያቸው ግን ከጠቅላላው ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። ንግሥቶቹ በግድግዳና በወለል ውስጥ ተሰውረዋል። በዓለም ከተሞች ሁሉ የተሰራጨው የፈርዖን ጉንዳን የሚባለው፥ ርዝመቱ 2 ሚሊሜትር ያህል የሆነ ቢጫማ ጉንዳን፥ በአንድ ጎሬ ብዙ ንግሥቶች አሉት። ሰልፉ ላይ መርዝ በተረጨ ጊዜ የቀሩት ተከፋፍለው በሌላ ክፍል አዲስ ጎሬ ይመሠርታሉ። ስለዚህ መርዝ የረጨ ሰው ጠላቱን ያበዛል እንጂ አያጠፋም። ይህ ጉንዳን በሆስፒታሎች ውስጥ የበሽታ ተሕዋስያንን ተሸክሞ መገኘቱን በ1972 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር የታተመ ጥናት ገልጿል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

አንደኛ፤ ስኳርና ማር ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ይቀመጥ። ስኒውና ሳህኑ ሳይታጠብ አይደር። ቆሻሻም በክዳን ይሸፈን።

ሁለተኛ፤ ቀዳዳውና ስንጥቁ ይደፈን፤ ሰልፉ የሄደበት መንገድ በሳሙናና በውሃ ታጥቦ ሽታው ይጥፋ።

ሦስተኛ፤ ይህ ካልበቃ 5 ግራም ቦሪክ አሲድና 50 ግራም ስኳር በግማሽ ሊትር ውሃ በጥብጦ፥ በጥጥ አርሶ፥ ክዳኑ በተበሳ ቆርቆሮ ውስጥ በጉንዳኑ መንገድ አጠገብ ማኖር ነው። ሠራተኞቹ የጠጡትን ከአፍ ወደ አፍ ስለሚመጋገቡ መርዙ እስከ ንግሥቶቹ ይደርሳል። መጠኑ የበዛ እንደ ሆነ ግን ሠራተኛው ጎሬው ሳይደርስ ይሞታልና ማብዛት አይጠቅምም። ሥራው ከብዙ ቀናት እስከ ሳምንታት ይፈጃል። በዚህ ጊዜ በአጠገቡ ሌላ መርዝ አይረጭ፥ መንገዱም አይታጠብ። ቦሪክ አሲድም መርዝ ነውና ሕፃንና እንስሳ ከማይደርሱበት ይቀመጥ።

በኬንያ በ1982 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት የተባይ ማጥፊያ በመንግሥት ቦርድ ተመርምሮ መመዝገብ አለበት። ስለዚህ የምዝገባ ቍጥር የሌለበትን፥ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ተቀድቶ የሚሸጠውን ፈሳሽ ማንም አይግዛ። ሕፃን ጠርሙሱን አይቶ የሚጠጣ ነገር ይመስለዋልና።

በከተማው ዳር የሚኖሩ ወገኖች ደግሞ በስዋሂሊ ሲያፉ የሚባለውን ነካሽ ጉንዳን ከዚህ ይለዩ። እርሱ የሚመጣው ሥጋ ፍለጋ እንጂ ስኳር ፍለጋ አይደለም። በገባ ጊዜ ጨቅላ ሕፃናትንና የታሰሩ እንስሳትን ፈጥኖ ማራቅ ይገባል፤ በረሮውን ጠራርጎ ያልፋል።

በዚህችው ከተማ ፕሮፌሰር ቶማስ ኦዲያምቦ በ1970 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት፥ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ለዓመታት የፍኖተ ሰላም ተወላጅ በሆኑት በዶክተር ሰገነት ቀለሙ የተመራው ዓለም አቀፍ የነፍሳት ጥናት ማዕከል ይገኛል። ሥራው የሚያስተምረን ነፍሳትን ጠባያቸውን ዐውቆ መከላከል መርዝ ከማብዛት እንደሚሻል ነው።

በመጨረሻም ለቤት ባለቤቶችና ለሹማምንት አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በአንድ ፎቅ የሚኖሩ ቤተ ሰቦች ግድግዳቸው አንድ ስለ ሆነ ጎሬውም አንድ ሊሆን ይችላል። አንዱ ሲያጸዳ ሌላው ቢተው ድካሙ ከንቱ ነው። እንግዲህ የቆሻሻው መነሻ ቀን እንዲጠበቅ፥ የተሰነጠቀው ቧንቧና ግድግዳ እንዲጠገን፥ ማጥመጃውም በየቤቱ በአንድ ሳምንት እንዲኖር ሰብስባችሁ ብታስማሙ፥ የሕዝቡን ገንዘብና የሕፃናቱን ጤና ትጠብቃላችሁ።