በግቢ ለሚቆም ተሽከርካሪ ኤሌክትሪክ ስለ ማውጣት
(ለሐርጌሳ ከተማ ነዋሪዎች የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው፥ በግቢያችን ለሚቆም የመኖሪያ ተሳቢ ወይም ማቀዝቀዣ ላለው የጭነት መኪና ከቤት ውጭ ስለሚተከለው ሶኬት ነው። ይህ ሶኬት ከቤት ውስጡ ይልቅ የሚያሠጋው ስለ ምንድን ነው ቢሉ፥ የተሽከርካሪው ብረት በጎማ ላይ ሲቆም፥ የሚነካው ሰው ግን እግሩ መሬት ስለሚረግጥ፥ ለሾለከው ኃይል መንገድ የሚሆነው ሰውየው ነው።

ብዙ ሰው የመሬት ሽቦ ከተቀበረ የሚበቃ ይመስለዋል። ነገር ግን በጂላል ወራት አፈሩ ስለሚደርቅ ኤሌክትሪክን በደኅና አይቀበልም። የተቀበረው ዘንግ 110 ኦም ያህል ቢያግድ፥ ከ220 ቮልት መስመር ወደ መሬት የሚያልፈው 2 አምፔር ብቻ ነው። ባለ 16 አምፔሩ ብሬከር ይህን እንደ ተራ ሥራ ቈጥሮ ዝም ይላል፤ ብረቱ ግን ሰው የሚገድል ኃይል እንደ ያዘ ይቆያል።

ስለዚህ ከመሬት ሽቦው ጋር፥ 30 ሚሊ አምፔር ሲሾልክ በቅጽበት የሚያቋርጥ መጠበቂያ ይግባ። መስመሩም ለብቻው ከዋናው ሰሌዳ ይውጣ፤ ሽቦው ከ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር አይነስ፤ ሶኬቱ የጉ ዝናብ እንዳያገኘው ክዳን ይኑረው፤ ከመሬትም ከፍ ይበል። ሥራው የባለሙያ ነው።

የመጠበቂያውን መፈተኛ ቁልፍ በየወሩ ተጫኑ፤ ካላቋረጠ ሶኬቱን አትንኩት። ሹማምንትም የቤት ሥራ ፈቃድ ሲሰጡ ይህን አስቀድመው እንዲጠይቁ በአክብሮት አሳስባለሁ።