ሚጥሚጣውን መልሱት



አድማጮቼ፣ ሰሞኑን በስልክ መስመራችን አንድ ጥያቄ ይደጋገማል። ጠያቂዋ አንዳንዴ እናት ናት፣ አንዳንዴ አያት፤ አባቶችም ደውለዋል። ጥያቄው ግን ያው ነው፤ «ልጄ ጣቱን መጥባት አልተው አለኝ፤ ሚጥሚጣ ልቀባው ወይስ እሬት?» ባለፈው ሳምንት የደወለች አንዲት እናት ደግሞ ሚጥሚጣውን በጥብጣ ጨርሳ፣ «በቀን ስንቴ ልቀባው?» ስትል ጠየቀችኝ። ልጇ ገና 2 ዓመት ከመንፈቁ ነው።

እህቴ፣ መጀመሪያ ያንን ነገር አስቀምጪው። ከዚያ እናወራለን።

ልጅ ጣት መጥባትን ከማንም አይማርም። ገና በማህፀን ሳለ ይጠባል፤ በአልትራሳውንድ ምርመራ አውራ ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ የሚታይ ፅንስ ብዙ ነው። እንደተወለደ ጡት ይዞ የሚጠባውም በዚሁ አብሮት በተፈጠረ ችሎታ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት እጁን ወደ አፉ ሲወስድ ብዙ ጊዜ «ራበኝ» ማለቱ ነው። ስለዚህ አራሶች፣ እጁን ሲልስ ካያችሁት እስኪያለቅስ አትጠብቁ፤ አጥቡት። በ6 ወር አካባቢ ጥርስ ሊያወጣ ሲል ደግሞ ድዱን ስለሚበላው ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል። ከዚያ ከፍ ሲል ጣቱ መጽናኛው ይሆናል። እንቅልፉ ሲመጣ፣ ሲፈራ፣ ሲሰለቸው፣ እናቱ ሥራ ሄዳ ስትቆይበት ራሱን በራሱ የሚያባብለው በጣቱ ነው።

አብዛኞቹ ልጆች ከ2 እስከ 4 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ማንም ሳያስገድዳቸው ይተዉታል። ጨዋታው ሲደራ፣ አንደበቱ ሲፈታ፣ ጓደኛ ሲያገኝ ጣቱን ይረሳዋል። የሕፃናት ሐኪሞችም ሆኑ የጥርስ ሐኪሞች ከ4 ዓመት በፊት ብዙም አትጨነቁ የሚሉት ለዚህ ነው።

«ጥርሱስ?» ትሉኛላችሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። 20ዎቹ የወተት ጥርሶች 3 ዓመት ገደማ ላይ ይሞላሉ፤ ቋሚዎቹ ብቅ ማለት የሚጀምሩት በ6 ዓመት አካባቢ ነው። እስከዚያ ዕድሜ ድረስ ለረጅም ሰዓት፣ ጉንጩ እስኪጎደጉድ ስቦ የሚጠባ ልጅ የላይኛው የፊት ጥርሶቹ ወደ ውጭ ይገፋሉ። አፉን ሲገጥም የላዩና የታቹ አይገናኙም፤ ዳቦ መግመጥ ያስቸግረዋል፤ ላንቃው ሊጠብ፣ «ሰ» እና «ዘ» ሲልም ምላሱ በክፍተቱ ሊወጣ ይችላል። ጣቱን አፉ ውስጥ አኑሮ ዝም የሚል ልጅ ግን ከዚህኛው ይለያል፤ የእሱ ጉዳት ያነሰ ነው። ደግሞም ቋሚ ጥርሶቹ ከመውጣታቸው በፊት ከተወ፣ የተከፈተው ብዙ ጊዜ በራሱ ይገጥማል። ጊዜ አላችሁ ማለት ነው። በ2 ዓመት ልጅ ጣት የተነሳ ቤቱን የሚያሸብር ምንም ነገር የለም።

አሁን ወደ ሚጥሚጣው ልመለስ፤ እንዲያመልጣችሁ የማልፈልገው ይህን ነውና። ሚጥሚጣን የሚያቃጥል የሚያደርገው ነገር በውሃ ብቻ ቶሎ አይለቅም። ልጅ ደግሞ በዚያው ጣቱ ዓይኑን ያሻል፤ በተለይ እንቅልፉ ሲመጣ። እሬቱም ቢሆን ምላስ አምርሮ ብቻ አይቀርም፤ ሆድ የሚያስኬድ ነገር ነው፣ ለትንሽ ልጅ ቁርጠትና ተቅማጥ ሊያመጣ ይችላል። ጥፊውስ? እንግዳ ፊት «አታፍርም?» ማለቱስ? ልጁ ጣቱን የሚጠባው ሲከፋውና ሲፈራ ነው ብለናል። ብንቆጣው ይከፋዋል፣ ይፈራል፤ ሲከፋው ወደ ጣቱ ይመለሳል፤ አሁን በእኛ ፊት ሳይሆን ብርድ ልብስ ውስጥ ተደብቆ። ያስተውነው መስሎን አባባስነው ማለት ነው።

እናቶቼ፣ አያቶች፣ ይህን ስል ያሳደጋችሁበትን ፍቅር መንቀፌ አይደለም። «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው» ብላችሁ ያስተማራችሁን እናንተ ናችሁ። ከነንፍጡ ያቀፍነውን ልጅ እስኪተወው ድረስ ከነጣቱ ማቀፍ እንዴት ያቅተናል?

4 ዓመት አልፎትስ አልተው ያለ? እዚያ ላይ መርዳት ያስፈልጋል። መጀመሪያ መቼ መቼ እንደሚጠባ አስተውሉ። ቴሌቪዥን ሲያይ ከሆነ፣ የሚያፍተለትለው ጭቃ ወይም ኳስ በእጁ ስጡት። ሊተኛ ሲል ከሆነ፣ መጽሐፉን እሱ ይያዝላችሁ፣ እናንተ ተረት ንገሩት። ከዚያ ልጁን ራሱን አማክሩት፤ ይህ ዕድሜ ሰምቶ የሚገባው ዕድሜ ነው። ግድግዳ ላይ ወረቀት ለጥፉና ሳይጠባ ለዋለበት ቀን ኮከብ ይሳል። ባልጠባ ጊዜ አመስግኑት፤ በጠባ ጊዜ እለፉት። ሌሊት የሚቸገር ከሆነ ተስማምታችሁ እጁ ላይ ካልሲ አድርጉለት፤ ቅጣት እንዳይመስለው ብቻ ተጠንቀቁ። የሚስማማበት ነገር ይሠራል፤ የተጫነበት ነገር አይሠራም።

ሰዓቱ እየገፋኝ ስለሆነ የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበላችሁ። የሚጠባ ልጅ ጥፍሩ አጭር፣ እጁ በሳሙና የታጠበ ይሁን፤ የወስፋት እንቁላል አፈር ነክቶ ባልታጠበ እጅ ወደ አፍ ይገባል። በጥፍሩ ዙሪያ ከቀላ፣ ካበጠ ወይም መግል ከቋጠረ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ትቶት የነበረ ልጅ በድንገት ከጀመረ፣ የተለወጠ ነገር ፈልጉ፤ አዲስ ሕፃን ተወልዷል? ቤት ቀይራችኋል? ኬጂ የሚያስፈራው ሰው አለ? ቋሚ ጥርስ ማውጣት ጀምሮ አሁንም የሚጠባውን ደግሞ ለጥርስ ሐኪም አሳዩት። ላንቃ ላይ የሚገጠም መከላከያም አለ፤ የሚታሰበው ግን ሌላው ሁሉ ተሞክሮ እንቢ ሲል ብቻ ነው።

አደራ የምላችሁ አንድ ነገር ነው። ልጃችሁ ዛሬ ማታ ጣቱን አፉ ውስጥ ሲከት፣ እጁን ከመሳባችሁ በፊት ምን እንደፈለገ እዩለት። ደክሞት ከሆነ አስተኙት፤ ፈርቶ ከሆነ እቀፉት፤ ሰልችቶት ከሆነ አጫውቱት። ለአያቱም፣ ለሞግዚቱም ንገሩልኝ፤ አንዱ ሲያባብል ሌላው ከቆጣ ልጁ ግራ ይጋባል። ደህና እደሩ።