ኮምፒውተራቸውን ያዋሱ ሚሊዮኖች
በካሊፎርኒያ የሚገኘው የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ሴቲ አት ሆም የተባለውን ፕሮጀክት ሲጀምር ሰዎችን የጠየቀው ገንዘብ ሳይሆን ሥራ የፈታ ኮምፒውተራቸውን ነበር። በፖርቶ ሪኮ የነበረው የአሬሲቦ ቴሌስኮፕ የሰበሰበው የሬዲዮ ሞገድ ተቆራርጦ በኢንተርኔት ይላክ ነበር። ባለቤቱ ከወንበሩ ሲነሳ ኮምፒውተሩ በተፈጥሮ ጫጫታ መካከል ከሌላ ዓለም የመጣ፣ ሰው ሠራሽ የሚመስል ጠባብ ምልክት ይፈልግ ነበር፤ ውጤቱንም መልሶ ይልክ ነበር። ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተሳትፈዋል፤ ይህ ጉጉት በእኔ እምነት ክብር ይገባዋል።

ታዲያ ምን ተገኘ? ለፈጀው ኤሌክትሪክስ? የሚል ይኖራል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ሥራ ላይ ያለ ኮምፒውተር በእርግጥ ኃይል ይበላል፤ ከሌላ ዓለም የመጣ የተረጋገጠ ምልክትም አልተገኘም። ነገር ግን ፈልጎ ማጣትና ጭራሽ አለመፈለግ አንድ አይደሉም። ፍለጋው በየትኛው የሰማይ ክፍል፣ በየትኛው ሞገድ፣ ምን ያህል ጉልበት ያለው ምልክት እንዳልታየ ለቀጣዩ ተመራማሪ ይነግረዋል። ደግሞም በዚሁ ዘዴ የሚሠራው አይንስታይን አት ሆም በ2010 ከአሬሲቦ መረጃ ውስጥ አዲስ ፑልሳር፣ ማለትም በፍጥነት የሚሽከረከር የሞተ ኮከብ ቅሪት አግኝቷል። ያገኙትም የበጎ ፈቃደኞች የቤት ኮምፒውተሮች ናቸው! ሴቲ አት ሆም ራሱ በ2020 አዲስ ሥራ ማከፋፈሉን ያቆመው፣ ተመራማሪዎቹ የተከማቸውን ውጤት ወደ ማጣራት ለመዞር ነው።